ከግንበኛው ሥር እስከ ልደታ ግቢ፦ የዋግ ልጅ ሕንፃ የት ይማር?

በዋግ ከተማ በሰቆጣ ሕንፃ መሥራት ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ይሰጥ የነበረ ትምህርት ነው። መምህሩ ግንበኛው፣ የመማሪያው ክፍል የሚሠራው ቤት፣ ፈታኙ ደግሞ ክረምቱ ነበር። አጎቴ የተማሩት እንዲህ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ልደታ ባለው ግቢ አርክቴክቸር ተምሬ ተመረቅሁ። ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች በቅርብ ስለማውቃቸው የአንዱን ታሪክ ለሌላው ተማሪ መንገር ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግንበኛ ጋ የገባ ልጅ መጀመሪያ ድንጋይ አይነካም፤ ጭቃ ያቦካል። ጭድ የገባበት ጭቃ በእግር ይረገጣል፣ ያድራል፣ ደግሞ ይረገጣል። ቀጥሎ ልጁ ድንጋይ አቀባይ ይሆናል። ከሩቅ ለሚያየው ሥራው ጉልበት ብቻ ይመስላል። ጎበዝ አቀባይ ግን ግንበኛው አፉን ሳይከፍት የትኛው ድንጋይ የት እንደሚገባ ያውቃል። የግድግዳው ውጭና ውስጥ ለየብቻ እየተደረደረ ይወጣል፤ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ሁለቱ ገጾች እየሸሹ እንዳይለያዩ አልፎ አልፎ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ይጋደማል። አጎቴ ይህን ድንጋይ መፈለግ የሚጀምሩት ገና መሠረቱ ሳይቆፈር ነው። ካገኙት በኋላ ለብቻው ያስቀምጡታል፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ማዕዘኑንም ለማንም አይሰጡም፤ ቱንቢውን ጥለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸው ያቆሙታል። ልጁ ማዕዘን እንዲይዝ የተፈቀደለት ቀን ግንበኛ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ሰቆጣ ላይ ሥር የሰደደው በምክንያት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባትና የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ነበረች። የዋግ ሹሞችም መቀመጫ ነበረች። ነጋዴውም ሹሙም ዕቃውን ከእሳትና ከዝናብ የሚጠብቅለት ቤት ያስፈልገው ነበር። በአካባቢው ድንጋይ ሞልቷል፤ ረጅምና ቀጥ ያለ እንጨት ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ወፍራም፣ ክፍሉ ጠባብ ሆነ፤ የክፍሉን ስፋት የሚወስነው የተገኘው አግዳሚ ርዝመት ነበርና። የቤቱን ቅርጽ ያወጣው ያለውን ቁሳቁስ በቅጡ ማወቅ ነው።

የአካባቢው ጠቢባን ከቁሳቁስ ሌላ ከቀደምት ሕንፃም ይማሩ ነበር። ከሰቆጣ ትንሽ ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ የዋግ ሹሞች አስከሬን በሣጥን ሆኖ ያረፈው በዚያ ነው። እነዚህ ሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ከዛግዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። ከዛግዌዎቹ አንዱ የሆነው ይምርሐነ ክርስቶስ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት ላስታ ውስጥ በዋሻ ውስጥ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እስከ ዛሬ ቆሟል። ግድግዳው አንድ ረድፍ አግዳሚ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ የወጣ ነው። አሠራሩ የአክሱም ነው፤ በይምርሐነ ክርስቶስ ዘመን ዕድሜው በብዙ መቶ ዓመታት ይቆጠር ነበር።

ከዚያ ወደ ላሊበላ ሄዶ ቤተ አማኑኤልን የሚያይ ሰው ደንግጦ መቆሙ አይቀርም። ቤተ አማኑኤል ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ነው፤ አንድም የሚሸከመው አግዳሚ የለውም። ሆኖም ግድግዳው ዙሪያውን አንዱ እርከን ወጣ፣ ሌላው ገባ እያለ ይወርዳል። ጠራቢዎቹ የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ በመሮ አለት ላይ ደገሙት፤ የእንጨት መስኮት ማዕዘኖችን ሳይቀር ፈልፍለው አወጡ። ይህን ለማድረግ የድሮውን ግድግዳ ረድፍ በረድፍ ማጥናት ነበረባቸው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሥራ በእኔ እምነት የመጀመሪያው የሕንፃ ትምህርታችን ማስረጃ ነው፦ ያለፈውን በጥንቃቄ ማንበብ፣ ከዚያ አዲስ ነገር መሥራት።

ዘመናዊው ትምህርት የመጣው በሌላ በር ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ዲዛይኑን በብዛት የያዙት አርመኖች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮችና ጣልያኖች ነበሩ። ኋላም የአፍሪካ አዳራሽንና የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ የነደፈው ጣልያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ ነው። ኢትዮጵያውያን በሙያው ጎልተው መታየት ሲጀምሩ እንደ ሚካኤል ቴዎድሮስ ያሉት ከአርክቴክት ዛልማን ኤናቭ ጋር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ሠሩ። በ1954 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ውሎ አድሮ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። ሰው ዛሬም ሕንፃ ኮሌጅ እያለ የሚጠራው ይህ የልደታ ግቢ በ2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆኖ እንደ አዲስ ተደራጀ።

ለአገሪቱ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ለዋግ ልጅ ግን ትምህርቱ ከሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ራቀ። ግንበኛውና ተማሪው ተለያዩ። ግንበኛው ስሌትና ንድፍ የሚያስተምረው አጣ፤ ተማሪው ድንጋይ የሚያሳየው አጣ። በመሐል ብሎኬትና ቆርቆሮ ገባ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፤ ጣሪያን በየዓመቱ ከመጠገንም ያሳርፋል፤ ሰው ቢመርጠው አልፈርድም። ቀን ግን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊቱ ያቆይ ነበር። ሁለቱን አስታርቆ የሚነድፍ ሰው ያስፈልገናል። የሰሜኑ ጦርነት በዋግ የአበርገሌንና የፃግብጂን ነዋሪዎች ካፈናቀለ በኋላ ነገሩ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል፤ የሚመለሰው ሰው የሚገባበት ቤት፣ ልጆች የሚማሩበት ክፍል እንደገና መሠራት አለበት።

እንግዲህ ፈተና አልፈው «እትዬ፣ የቱን ልምረጥ?» ለሚሉኝ የአገሬ ልጆች መልሴ ከዚህ ታሪክ የወጣ ነው። አርክቴክቸር ዛሬ አዲስ አበባ ብቻ አይሰጥም፤ ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም፣ መቀሌም፣ ሀዋሳም አለ። ትምህርቱ አምስት ዓመት ነውና የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ አያማልላችሁ። የሚማሩትን ፈልጋችሁ ጠይቁ። መምህራኑ ተማሪውን ሜትርና ወረቀት አስይዘው አሮጌ ቤት ያስለካሉ? ተማሪው በገዛ እጁ ግድግዳ ገንብቶ ያውቃል? ወርክሾፑ ቁልፉ የሚከፈት ነው ወይስ ለጎብኚ ብቻ? መምህሩ በተማሪው ንድፍ ላይ ተቀምጦ እያሰመረ ያርማል ወይስ ማርክ ሰጥቶ ይሄዳል? የአየር ጠባይና የአካባቢ ቁሳቁስ ትምህርት ከዲዛይኑ ጋር ተያይዞ ይሰጣል? ምደባው በእጃችሁ ባይሆን እንኳ ጥያቄዎቹን ይዛችሁ ግቡ፤ ግቢው የማይሰጣችሁን በክረምት እረፍት ሰቆጣ መጥታችሁ ከግንበኛ ሥር ተማሩ።

አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር የአዲስ አበባን ቀደምት ሕንፃዎች መዝግበው በ2007 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመዋል። እኚሁ ሰው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምንም ነድፈዋል። ድሮን መመዝገብና አዲስ መንደፍ አንድ እጅ የሚሠራው ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ሰቆጣም እንዲህ ያለ መዝገብ ይገባታል፤ ግንበኞቿ እያረጁ ስለሆነ ጊዜው አሁን ነው። ከዋግ ወጥቶ አርክቴክቸር የሚማር ልጅ የመመረቂያ ሥራውን የሰቆጣ ቤቶችን በመለካት ቢጀምር፣ የአጎቴ ዓይነት ሰዎች በቃል የያዙት ትምህርት ለሚቀጥለው ግንበኛም ለሚቀጥለው መሐንዲስም በጽሑፍና በንድፍ ይተላለፋል።