ስታዲየሙ የቀደመባት ከተማ

ወልድያ ስታዲየሟን ያስመረቀችው በጥር 2009 ዓ.ም. ነው። በሼክ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የሚጠራው ይህ ስታዲየም ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት፣ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያኔ እንዲህ ያለ ሜዳ የነበራቸው ከተሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የከተማዋ ክለብም በዚያው ዓመት በፕሪምየር ሊጉ ይጫወት ነበር። በ2010 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ከምረቃው እስከ መውረዱ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ለዚህ ብዙ ምክንያት ሲቀርብ ይሰማል፤ አሠልጣኙ፣ ዳኛው፣ ዕድሉ፣ የአገሩ ሁኔታ። እኔ ግን ነገሩ ከዚያ ርቆ የሚጀምር ይመስለኛል። ወልድያ ላይ ሜዳ መጣ፣ ገንዘብም መጣ፤ ኳስ መጫወትን የሰው ልጅ የሚተዳደርበት ሙያ የሚያደርገው ሥርዓት ግን አልመጣም። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ለሚያይ ደግሞ ይህ በወልድያ ብቻ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ሲመሠረት ተጫዋችነት እንጀራ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድንም፣ እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ የነበሩበት፣ በዛሬው አነጋገር የባለሙያ ቡድን አልነበረም። ተጫዋቹ የሚኖረው በሌላ ሥራው ነው። የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነትና ወደ አስተዳደር ተሻግረው፣ ኋላም ከ1964 እስከ 1979 የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሩት፣ ኳሱን ከመንግሥት ሥራ ጋር ይዘው ነው። ከዚያ የመጣው የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ ክለብ ዘመን ደግሞ ለተጫዋቹ አንድ ትልቅ ነገር ሰጠው፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ ደሞዝ። የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ፣ የመብራት ኃይል፣ የሙገር ሲሚንቶ፣ የንግድ ባንክ ተጫዋች ጉልበቱ ሲከዳው ወደ ማሽኑ ወይም ወደ ጠረጴዛው የሚመለስበት በር ነበረው። ክፍያው ትንሽ ነበር፣ ዝናውም እንደዚያው። ሆኖም ሠላሳ ዓመት የሞላው ተከላካይ ጉልበቱን ይዞ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ቤተሰቡ አብሮ አይወድቅም ነበር።

ይህ ዘመን ወልድያን ሳይነካት አለፈ፤ የክርክሬ ዋናው ማስረጃም እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለላት። ወልድያ ግን ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚወጣው መንገድ ከወረታ ከሚመጣው ጋር የሚገጥምባት፣ የገበያና የአስተዳደር ከተማ ሆና ቆየች። መርሳ ደግሞ የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ፣ በመስኖ ሽንኩርትና በማሽላ ማሳ የተከበበች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ኳስ የሚወድ ልጅ በሁለቱም ከተማ ሞልቷል። ኳስ ተጫዋችን ቀጥሮ፣ ደሞዝ ከፍሎ፣ ሲያረጅም በሌላ ሥራ የሚያቆየው ድርጅት ግን በአንዳቸውም አልነበረም። ስለዚህ ጎበዙ ልጅ ወይ ወደ ደቡብ በመንገዱ ወርዶ የሌላ ከተማ ሰው ይሆናል፤ ወይ በሃያ ሁለት ዓመቱ ጫማውን ሰቅሎ ወደ እርሻው ወይ ወደ ሱቁ ይመለሳል። አንድ ትውልድ ለሌላው የሚያወርሰው የሙያ ልምድ በዚህ መንገድ አይጠራቀምም።

የከተማ አስተዳደር ክለቦች ዘመን ሲመጣ ወልድያ ተራዋን አገኘች። በ2007 ፕሪምየር ሊግ ገብታ በዚያው ዓመት ወረደች፤ አብሯት የወረደው ሙገር ሲሚንቶ ነበር። በ2009 ተመልሳ ስትተርፍ ንግድ ባንክ ወረደ። በ2010 ስትወርድ ደግሞ ከአርባ ምንጭ ሌላ የቀድሞው መብራት ኃይል፣ ኤሌክትሪክ፣ አብሯት ነበር። የድሮዎቹ የመሥሪያ ቤት ክለቦች ከከተሞቹ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ማየት አንድ ነገር ይነግረናል፤ የቀጣሪው ዓይነት እየተለወጠ ነበር። ፋብሪካው ለተጫዋቹ ትንሽ ደሞዝና ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ ይሰጥ ነበር። ከተማው ትልቅ ደሞዝና የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ይሰጣል። ውሉ ሲያልቅ ወይም ክለቡ ሲወርድ ተጫዋቹ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ ፍለጋ ይወጣል። ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2011 ተሰብስበው የተጫዋች ወርኃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ፤ የከተሞቹ ካዝና ስለተራቆተ ይህ የሚያስፈልግ ውሳኔ ነበር። ደሞዝ ለወራት ሲቋረጥ ተጫዋቹ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን በአቤቱታ የሚታይ ነው፤ የሚሰማውም በዲሲፕሊን ኮሚቴ በር ላይ ነው።

የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ይህ ሁሉ የድህነት ነገር ነው፣ ሀብታም አገር ቢሆን ችግሩ በራሱ ይፈታ ነበር የሚል። የዓለምን ሀብታም ሊግ ታሪክ ያየ ሰው ግን ይህን አይልም። የአሜሪካው እግር ኳስ፣ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ታይት ኤንድ የሚባል ቦታ አለው። እዚያ የሚጫወተው ሰው ከመስመሩ ጫፍ ቆሞ በአንዱ ጨዋታ ኳስ ለያዘው ጓደኛው መንገድ ለመክፈት ተጋጣሚውን በደረቱና በትከሻው ይገፋል፤ በሚቀጥለው ደግሞ ራሱ ሮጦ ኳስ ይቀበላል። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የተቀበለው ኳስ ነው። የገፋበት፣ የተጋጨበት፣ ጭንቅላቱን የመታበት አይቆጠርም። ጆን ማኪ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለባልቲሞር ኮልትስ በዚህ ቦታ ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ፤ አሥረኛውንና የመጨረሻውን ዓመት በሳን ዲዬጎ አሳለፈ። በጥር 1971 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሱፐር ቦውል ፍጻሜ የ75 ያርዱን ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ሊጉ ያኔም በቴሌቪዥን ገንዘብ የበለጸገ ነበር። ሆኖም ውሉ ያለቀ ተጫዋች ወደ ሌላ ክለብ ሲሄድ ተቀባዩ ክለብ ለቀድሞው ካሣ መስጠት ነበረበት፤ ክለቦቹ ካልተስማሙ ምን እንደሚሰጥ የሚወስነው ደግሞ የሊጉ ኮሚሽነር ነበር። ክለቦች ይህን እየፈሩ ተጫዋች አይቀበሉም ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ነጻ ነው የተባለው ሰው የትም መሄድ አይችልም ነበር።

ማኪ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጫዋቾች ማኅበሩ ፕሬዝዳንት ሆኖ ሥራ ማቆም አስተባበረ፤ ለጡረታና ለጥቅማጥቅም ተጨማሪ ገንዘብ አስገኘ። ከዚያም በስሙ የሚጠራውን ክስ መሠረተ። በ1976 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያን የካሣ ደንብ ሕገ ወጥ አለው። ተጫዋቹ ግን ከውሉ በኋላ በእውነት ነጻ የሆነው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከድሉ እስከ ፍሬው አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀ። ማኪ ራሱ በእርጅናው አእምሮው ተዳከመ፣ ሚስቱ አስታመመችው። በ2007 እ.ኤ.አ. ሊጉና ማኅበሩ እንዲህ ለታመሙ የቀድሞ ተጫዋቾች በዓመት እስከ 88 ሺህ ዶላር የሚሸፍን ዕቅድ አወጡ፤ ቁጥሩ የማኪ መለያ ቁጥር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. አረፈ። እንግዲህ በዚያ ሊግ ገንዘቡ ከሥርዓቱ በአሥርት ዓመታት ቀድሞ መጥቶ ነበር። ማኪ ኳስ ሲቀበል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ሙያውን ሙያ ያደረገው ግን ጭብጨባውም ስታዲየሙም አይደለም፤ ለአሥርት ዓመታት የተደረገ የውል፣ የጡረታና የሕክምና ሙግት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሰሜኑ ጦርነት ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ ቆየች፤ መርሳም አካባቢውም የደረሰበትን ሁሉም ያውቃል። ያን መከራ ላሳንስ አልችልም፣ ከተማው ገና አላገገመም። ነገር ግን ክለቡ የወረደው ጦርነቱ ከመድረሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው። ከዚያም በፊት፣ ኅዳር 2010 ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያ ቀን የፖለቲካው ቁጣ ሜዳ የገባበት ነው፤ ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አይደለም። ይሁንና ተጫዋቹ ከየትም መጥቶ ለአንድ ወቅት የቆመ እንግዳ ሲሆን፣ ክለቡ የሚወክለው የከተማውን ስም ብቻ ይሆናል። ስም ብቻውን ደግሞ ለጠብ የተመቸ ነው። የመርሳና የወልድያ ልጆች ዓመት ከዓመት የሚታዩበት ቡድን ቢሆን ኖሮ ደጋፊው ሜዳ የሚሄደው የጎረቤቱን ልጅ ሊያይም ነበር።

ሦስተኛው የአባቶች ቃል ነው፤ ኳስ ጨዋታ ነው፣ ልጁ ይማር፣ ይረስ። ይህን አከብራለሁ። ነገር ግን ከተማው ከሕዝብ ግብር ለተጫዋች ደሞዝ መክፈል በጀመረበት ቀን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ቀጣሪው የቀጣሪነት ግዴታውን ይወጣል ወይ ነው።

ዛሬ በሐብሩ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ሲራቆት፣ ልጆች ጨርቅ በካልሲ ጠቅጥቀው በሲባጎ ያሰሩትን ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ከእነርሱ አንዱ የሚደርሰው ቦታ ቢኖር ከመርሳ ወልድያ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። የስታዲየሙ በር ተከፍቶ በየሳምንቱ የወረዳ ታዳጊዎች የሚጫወቱበት ቢሆን፣ ከተማው ለውጭ ተጫዋች ከሚከፍለው አንዱን ደሞዝ ብቻ ለእነርሱ መጓጓዣና አሠልጣኝ ቢያውለው፣ አሥራ ስምንት ሲሞላቸው የሚፈርሙት ውል የሦስት ዓመት ሆኖ ቢጎዱ የሚታከሙበትንና ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበትን አንቀጽ ቢይዝ፣ ወጪው ስታዲየሙን ካስገነባው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አይሆንም። በወልድያ ዩኒቨርሲቲም በመርሳው ግብርና ኮሌጅም ሜዳ የሚፈልግ ወጣት አለ። ውሉን መጻፍ የሚችለው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ይህን ለማድረግም ፕሪምየር ሊግ እስኪመለስ መጠበቅ አያስፈልገውም።