ሲዲውን ያከሰረው ማን ነው?

ሲዲ ያከሰረው ኢንተርኔት ነው ይባላል። በሞያሌ በኩል ወዲያና ወዲህ የነገድን እኛ ግን ታሪኩን እንዲህ አናስታውሰውም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቪሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ስለነበር አንድ ፊልም ሁለት ዲስክ ይፈጅ ነበር። ሁለተኛው ተጭሮ የተገኘ እንደሆነ ደንበኛ ወደ እኛ ነው የሚመጣው፤ ያውም ተቆጥቶ። በ1996 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ዲቪዲ ግን 4.7 ጊጋባይት ስለሚይዝ ፊልሙ በአንዱ ገባ፤ ሸክማችንም ቀለለ።

ነገሩን የለወጠው ራሱ ማጫወቻው ነው። ከቻይና በዱባይ አድርገው የሚመጡት ማጫወቻዎች ከፊታቸው የፍላሽ መሰኪያ ይዘው መጡ። እኛም «ፍላሽም ያነባል» እያልን ዋጋ ጨምረን ሸጥናቸው። ባዶ ዲስክ በሃምሳ በሃምሳ የምናከፋፍለውም እኛው ነበርን! ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተር ያለው ሱቅ ሁሉ «ፊልም ይጫናል» ብሎ ለጠፈ። ተጨምቆ 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አስር ያህል ይገባል፤ ታይቶ ሲያበቃ ተሰርዞ ሌላ ይጫናል። ተራ ዲስክ ይህን አይችልም።

ኔትፍሊክስ በ2016 መጀመሪያ ወደ አገሮቻችን ሲደርስ መደርደሪያችን ቀድሞ ባዶ ሆኖ ነበር።

የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በኛው አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ከሸጥነው ስንቱ ለፊልሙ ባለቤት ሳንቲም እንዳስገባ ግን አፋችንን ሞልተን መናገር አንችልም። ፍላሹን ሌባ ስንለው የኛን ኮፒ እንረሳለን።

የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች የገዙን የሠርግ ቪዲዮ ቀራጮች ናቸው። ሙሽሮች ከአልበሙ ጋር የሚቀመጥ ዲስክ ይፈልጉ ነበር።