የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የዕድገት ልቦለድን አንብበው መረዳታቸውን ስለ መመዘን

አንብቦ መረዳት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የቋንቋ ትምህርት ከሚዳብሩ መሠረታዊ ክሂሎች አንዱ ነው። በዚህ የትምህርት ደረጃ የሚገኙ ተማሪዎች አብዛኛዎቹ ፊደልን ለይተው ዓረፍተ ነገርን ያለ እንቅፋት ያነባሉ። ይሁን እንጂ ድምፅን አሰምቶ ማንበብ የተነበበውን መረዳት ማለት አይደለም። አንድ ተማሪ ምዕራፉን ሳይደናቀፍ አንብቦ የታሪኩ ፍሬ ነገር ሳይገባው ሊቀር ይችላል፤ በአንጻሩ በንባቡ ዝግ የሚል ተማሪ የገጸ ባሕርያቱን ሐሳብ በጥልቀት ተረድቶት ሊገኝ ይችላል። ምዘናው ይህን ልዩነት ለይቶ ካላሳየ የመጀመሪያው ተማሪ እገዛ ሳያገኝ፣ ሁለተኛውም የሚገባውን ዕውቅና ሳያገኝ ይቀራል።

የዕድገት ልቦለድ ምንነት

የዕድገት ልቦለድ የሚባለው ዋናው ገጸ ባሕርይ ከልጅነት ተነሥቶ በራሱ ማሰብና መወሰን እስከሚጀምርበት ጊዜ ድረስ የሚያልፍበትን የስሜትና የአስተሳሰብ ለውጥ የሚከተል ሥራ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ዋናው ጉዳይ የድርጊቶች ብዛት ሳይሆን ድርጊቶቹ በገጸ ባሕርዩ ላይ ያስከተሉት ለውጥ ነው። ስለሆነም «ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም፤ «ከሆነው በኋላ ልጁ በምን ተለወጠ? ለምን?» የሚለው ሊከተለው ይገባል። አንባቢዎቹም በዕድሜያቸው በተመሳሳይ የለውጥ ጊዜ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ታሪኩን ከራሳቸው ሕይወት ጋር ማነጻጸር አይቸግራቸውም።

ለማሳያ የተመረጠው ሥራ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለመጀመሪያ ጊዜ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ለንባብ በቅቷል። ሥራው በአጠቃላይ ሲታይ የፍቅርና የማኅበራዊ ሕይወት ልቦለድ ቢሆንም የበዛብህን ታሪክ ከወላጆቹ አንሥቶ በልጅነቱና በቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ በኩል አልፎ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ እስከሚሆንበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ይከተለዋል። መጽሐፉ ረጅም በመሆኑ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የበዛብህን ልጅነትና ትምህርት የሚተርኩትን ክፍሎች መርጦ ማስነበብ፣ የቀረውን ታሪክ ደግሞ በመምህሩ አጭር ትረካ ማገናኘት ይቻላል።

ሦስቱ የጥያቄ ደረጃዎች

ሚዛናዊ ምዘና ሦስት ዓይነት ጥያቄዎችን አጣምሮ ይይዛል።

1. ቀጥተኛ ጥያቄዎች፦ መልሳቸው በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ የሚገኝ ነው። «የበዛብህ ወላጆች ስለ ልጃቸው የተሳሉት ስለት ምን ነበር?»፣ «በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የተሰጠው ሥራ ምን ነበር?» የሚሉት ምሳሌዎች ናቸው። ተማሪው ታሪኩን መከታተሉን ያሳያሉ እንጂ ከዚያ አያልፉም።

2. አመራማሪ ጥያቄዎች፦ ተማሪው በጽሑፉ ውስጥ የተበተኑ ፍንጮችን አገናኝቶ እንዲደመድም ይጠይቃሉ። «ካሳ ዳምጤን ሰዎች ጉዱ ካሳ የሚሉት ለምንድን ነው? ስሙ የሚነግረን ስለ ካሳ ነው ወይስ ስለ ሰዎቹ?» የሚለው ለዚህ ይጠቅማል።

3. ገምጋሚ ጥያቄዎች፦ ተማሪው በማስረጃ የተደገፈ የራሱን አቋም እንዲገልጽ ያደርጋሉ። «ወላጆች በልጃቸው ስም የገቡት ቃል ልጁ ሲያድግ እስከ ምን ድረስ ሊያስረው ይገባል?» የሚለው ጥያቄ የልቦለዱን ማዕከላዊ ግጭት ይነካል።

ሦስተኛው ዓይነት ጥያቄ ጥንቃቄ ይሻል። ስለት በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የተከበረ ልማድ ስለሆነ ውይይቱ እምነትን ወደ መንቀፍ ሊያመራ አይገባም። ነጥብ የሚሰጠውም ተማሪው ለያዘው አቋም ሳይሆን አቋሙን ከታሪኩ በተወሰደ ማስረጃ ለመደገፉ ነው። «ወላጆቹ በፍቅርና በእምነት ያደረጉት ስለሆነ ቃሉ ሊከበር ይገባል» ያለውም ሆነ «ቃሉን የገባው በዛብህ ራሱ አይደለም» ያለው ተማሪ በማስረጃ ካስረዳ እኩል ነጥብ ያገኛል።

የነጥብ አሰጣጥ መስፈርት

መስፈርቱ ከምዘናው በፊት ተዘጋጅቶ ለተማሪዎች መገለጽ አለበት። ስለ ካሳ ዳምጤ ለቀረበው ጥያቄ በ3 ነጥብ የተዘጋጀ መስፈርት የሚከተለውን ይመስላል።

0 ነጥብ፦ መልስ የለም፤ ወይም መልሱ ከታሪኩ ጋር አይገናኝም።
1 ነጥብ፦ የሰዎቹን አባባል እንዳለ ይደግማል። ለምሳሌ፦ «እብድ ስለሆነ ነው።»
2 ነጥብ፦ ምክንያቱን ይደርስበታል፤ ማስረጃ ግን አያቀርብም። ለምሳሌ፦ «እንደ ሌሎቹ ስለማያስብ ነው።»
3 ነጥብ፦ ምክንያቱን ካሳ ከተናገረው ወይም ካደረገው ነገር ጋር አያይዞ ያስረዳል፤ ስሙ የአውጪዎቹንም አመለካከት እንደሚያሳይ ያመለክታል።

የመጀመሪያውን መልስ የሰጠ ተማሪ መጽሐፉን አላነበበም ማለት አይደለም። የገጸ ባሕርያትን አስተያየት ከደራሲው ሐሳብ መለየት ገና አልተማረም ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን ተጨማሪ ልምምድ ነው።

ምዘናው የሚካሄድበት ጊዜ

ምዘና ንባቡ ሲጠናቀቅ በሚሰጥ አንድ ፈተና ብቻ ሊወሰን አይገባም። ከንባብ በፊት እንደ «ፊታውራሪ»፣ «ስለት» እና «ቅኔ» ያሉ ቃላትን ተማሪዎች ምን ያህል እንደሚያውቋቸው መፈተሽና ማብራራት ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ በኋላ የሚመዘነው የታሪኩ ግንዛቤ ሳይሆን የቃላት ዕውቀት ይሆናል።

በንባብ ጊዜ በየምዕራፉ መጨረሻ ተማሪዎች በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ምን እንደተለወጠና ቀጥሎ ምን እንደሚጠብቁ በደብተራቸው ይጽፋሉ። መምህሩ ሁሉንም ማረም ባይችል በየተራ ጥቂት ደብተሮችን ማየቱ የክፍሉን ሁኔታ ያሳየዋል።

ከንባብ በኋላ ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ማስሞላት ጠቃሚ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ገጸ ባሕርዩ በፊት የነበረበት ሁኔታ፣ በመካከለኛው ለውጡን ያመጣው ድርጊት፣ በመጨረሻው ደግሞ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ሁኔታ ይሰፍራል። የመካከለኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ተማሪው ለውጡን አይቶ ምክንያቱን እንዳልተረዳ ያመለክታል።

መወገድ ያለባቸው ልማዶች

«ገብቷችኋል?» ብሎ መጠየቅ ምዘና አይደለም፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ማለቱ የአንድም ተማሪ መረዳት ማረጋገጫ አይሆንም። የገጸ ባሕርያትን ስም በማስቆጠር ላይ ብቻ የተመሠረተ ፈተናም የሚለካው ትውስታን ነው። ታሪኩን ከሌላ ሰው የሰማ ወይም አጭር ማጠቃለያ ያገኘ ተማሪ እንዲህ ያለውን ፈተና መጽሐፉን ሳይገልጥ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ገጽ አስነብቦ በዚያው ገጽ ላይ መጠየቅ ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሳል።

የመጽሐፉ ቅጂ በቂ በማይሆንበት ትምህርት ቤት መምህሩ የተመረጡትን ክፍሎች ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ወይም ተማሪዎችን በቡድን ማስነበብ ይችላል። ሐሳባቸውን በጽሑፍ ለመግለጽ የሚቸገሩ ተማሪዎች መልሳቸውን በቃል እንዲሰጡ፣ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ደግሞ በቅድሚያ ከጓደኞቻቸው ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲወያዩ ማድረግ ይመከራል። ተማሪዎች የቤተሰባቸውን ምሥጢር በክፍል ፊት እንዲናገሩ የሚያስገድድ ጥያቄ ግን መቅረብ የለበትም።

የውጤት አጠቃቀም

የምዘና ውጤት በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ብቻ የሚቀር ቁጥር አይደለም። አብዛኛው ክፍል አንድን አመራማሪ ጥያቄ ካልመለሰ፣ ክፍሉን እንደገና አንብቦ ፍንጮቹን በጋራ መፈለግ ይገባል። የተሳሳቱት ጥቂት ተማሪዎች ከሆኑ በአነስተኛ ቡድን ማገዝ ይበቃል። ወላጆችም ልጃቸው ስላነበበው ታሪክ በቤት ውስጥ እንዲተርክላቸው በመጠየቅ የበኩላቸውን እገዛ ሊያደርጉ ይችላሉ። በዚህ ደረጃ የገጸ ባሕርይን ውሳኔ ከነምክንያቱ መመርመር የለመደ ተማሪ፣ በሁለተኛ ደረጃ ለሚጠብቁት ጥልቅ ንባቦች ብቻ ሳይሆን ለራሱ ውሳኔዎችም ስንቅ ይዞ ያልፋል።