ፋሻው ከመነሣቱ በፊት

እስቴ ገጠር ውስጥ ያደገ ሰው ወረንጦን የሚያውቀው በእናቱ ወይም በአያቱ መቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ነው። የእኔ አያት ጧት ጧት ደጃፍ ፀሐይ ላይ ትቀመጥና፣ መስተዋት ሳትይዝ፣ በጣቷ እየዳሰሰች ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዓይኗን ፀጉር ትነቅል ነበር። ስትጨርስ «ና እስቲ አንተ ልጅ፣ የቀረ ካለ እይልኝ» ትለኛለች። የተነቀለው ፀጉር ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ከበፊቱ ብሶ ይወጋል። በሽታው ትራኮማ፣ በእኛው አማርኛ የዓይን ማዝ፣ እንደሚባል የሰማሁት መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ፊልም ላወራ ብዬ ነው። የዓይን ብርሃናቸውን ስላጡ ሰዎች የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን ባገኘሁ ቁጥር አያለሁ። እኛ አገር ተቀርፀው ካየኋቸው አብዛኞቹ አጨራረሳቸው አንድ ነው። በሽተኛዋ በልጅ እየተመራች ትመጣለች፤ ጠረጴዛ ላይ ትጋደማለች፤ በማግሥቱ ፋሻው ይነሣል። ከዚያ እልልታ ነው።

ይህ አጨራረስ ለዓይን ሞራ ይስማማል። ሞራው ሲወጣ የጠፋ ብርሃን በአንድ ቀን ሊመለስ ይችላል። የትራኮማው ቀዶ ሕክምና ግን ሌላ ነው። የዓይን ቆቡን አቃንቶ ፀጉሩ ብሌኑን እንዳይፍቀው ያደርጋል እንጂ በጠባሳ የደበዘዘውን ብሌን አያጠራም። ለአያቴ በጊዜው ቢደርስላት ኖሮ የሚቀርላት ውጋቱና ወደፊት ሊመጣ የነበረው ጨለማ ነበር። ያልመጣ ጨለማ ደግሞ እንዴት ይቀረፃል?

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ ነው። በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ልጅ ከእናቱ ጉያ አይጠፋምና ወረንጦውን ይዘው የምናገኛቸው በብዛት ሴቶች ናቸው። የመከላከሉ ሥራ ቀድሞ ከገባባቸው ወረዳዎች እስቴ፣ ደራና እብናት ይገኙበታል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የወባና የትራኮማ ሳምንት መጣ፤ ሰው ሁሉ ቁመቱን በእንጨት እየተለካ ዚትሮማክስ የሚውጥበት። ለእኔ ያ ሰልፍ ከፋሻው የበለጠ ፊልም ነው። ምንም ያላመመው ሰው ተራ ይዞ፣ ለወደፊት ዓይኑ ብሎ ኪኒን ሲውጥ!

ካሜራው ግን ሰልፉን አይወድም። እንዲህ ያለውን ጠባይ ያወረሱት የረሃቦቻችን ፊልሞች ይመስሉኛል። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለአገሬው አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚንና ማይክል ቡርክ ኮረም ደረሱ። የተጎዳ ፊት በቅርብ ሲታይ ገንዘብም መንግሥትም እንደሚያነቃንቅ ሁሉም ተማረ። መጋቢት 1998 ዓ.ም. የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ስለ ትራኮማ ልትጽፍ እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ዓለም በር ስትመጣም ጽሑፏ የሚከፈተው አንዲት እናት ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ በፍርሃት ጋደም ስትል ነው። አልፈርድባትም፤ እውነት ነው። ግን ጠረጴዛው ጋ ከመድረሷ በፊት ስንት ዓመት ወረንጦ አለ?

ሌላ መንገድ የሄዱ አሉ። ሆላንዳዊው ዮሐን ፋን ደር ክዩከን በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ዓይነ ስውራን ልጆች ፊልም ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከልጆቹ ወደ አንዱ፣ ወደ ኸርማን ስሎበ፣ ተመለሰና ማይክሮፎኑን ለልጁ ሰጠው። ጆን ሃል የሚባሉ የእንግሊዝ አገር መምህርም ብርሃናቸው ሲጠፋ፣ በ1983 እ.ኤ.አ.፣ የሚሰማቸውን በካሴት መቅዳት ጀመሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኖትስ ኦን ብላይንድነስ» የቆመው በዚያ ድምፅ ላይ ነው፤ ተዋናዮቹ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

ለእንዲህ ያለው ፊልም የእኛ አገር ሩቅ አልነበረም። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ዓይናቸው ሳያይ ዜማ የሚያቀኑ፣ ቅኔ የሚያስነግሩ የኔታዎች በአብነት ትምህርት ቤት ብርቅ አይደሉም፤ ተማሪው አንዲት ምልክት ሲስት ብራናውን ሳያዩ በጆሯቸው ያርሙታል። ጠበቃዋ የትነበርሽ ንጉሤም አለች፤ አማራ ሳይንት ተወልዳ በ5 ዓመቷ ብርሃኗን ያጣች፣ በዚያው ምክንያት ከልጅነት ጋብቻ አምልጣ ትምህርት ቤት የገባች፣ መስከረም 2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ተሸላሚ የሆነች። በእሷ ታሪክ ውስጥ የሚነሣ ፋሻ የለም።

አያቴን የቀረፃት ሰው የለም። እኔም ያኔ የማውቀው የቀረ ፀጉር መፈለግ ብቻ ነበር። ወረንጦዋ አሁን እናቴ ዘንድ ነው፤ ልጆች እግራቸውን ሲወጋቸው እሾህ ታወጣበታለች።