አባት አርበኛ በአዊ

አባት አርበኛ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጠላትን በጫካና በገደል የተዋጋ፣ ከድል በኋላም ዕድሜ የጠገበ ሰው በኢትዮጵያ የሚጠራበት የክብር ስም ነው። በአማራ ክልል ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይም በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባለው ገጠር፣ ይህ ሰው ከጦር ሜዳ ታሪኩ ባሻገር የሰፊ ቤተሰብ ራስ፣ የትውልድ ሐረግ ቆጣሪና የአገር ሽማግሌ ሆኖ ስለሚኖር፣ ሲሞት የሚደረግለት ለቅሶና ከሞተ በኋላ የሚቆይለት መታሰቢያ የቤተሰቡን፣ የመሬቱንና የአገሩን ታሪክ በአንድነት የሚይዝ ነው።

አገሩና ሕዝቡ

አዊ ቀደም ሲል አገው ምድር ይባል የነበረው የጎጃም ክፍል ሲሆን፣ ዋና ከተማው እንጅባራ፣ ሌላዋ ታላቅ ከተማው ዳንግላ፣ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። ሕዝቡ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን አውኚን ከአማርኛ ጋር የሚናገር ሲሆን፣ ራሱንም ሰባት ቤት አገው ብሎ ይጠራል፤ ይህም በትውፊት ከሰባት ወንድማማቾች ይወርዳሉ የሚባሉትን የአንከሻን፣ የአዘናን፣ የባንጃን፣ የጫራን፣ የኳኩራን፣ የመተከልንና የዚገምን ቤቶች የሚያጠቃልል መጠሪያ ነው። የአካባቢው ደጋ ለፈረስ እርባታ የተመቸ በመሆኑ ፈረስ ለጭነትና ለመጓጓዣ፣ ለሰርግና ለለቅሶ፣ በዘመቻም ጊዜ ለውጊያ ሲያገለግል ኖሯል።

የቤተሰብ አባትነት

የአዊ ገበሬ ቤተሰብ አባት ሥልጣን የተመሠረተው በሀብቱ ብቻ ሳይሆን በሚያውቀው የዘር ሐረግ ላይም ነበር፤ ምክንያቱም እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በጎጃም የእርሻ መሬት በአብዛኛው የሚያዘው በርስት ሥርዓት ሲሆን፣ ርስት ማለትም አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከመሬቱ የመጀመሪያ ባለቤት መወለዱን ቆጥሮ የሚያገኘው የተጠቃሚነት መብት ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በአዊ አጎራባች በሆነው በዳሞት ያካሄደውና በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ መሬቱ በመጀመሪያ በያዘው በዋና አባት ስም ይጠራ፣ ከእሱ በታች ደግሞ ምንዝር አባት በሚባሉት ልጆቹ ስም ይከፋፈል ስለነበር፣ ድርሻውን የሚጠይቅ ተወላጅ ሁሉ የትውልድ ቆጠራውን በሽማግሌ ፊት ማስረዳት ነበረበት። ጽሑፍ ባልተስፋፋበት አገር የዚህ ቆጠራ መዝገብ የሽማግሌው አእምሮ ነበረና፣ ዕድሜው የገፋ አባት በቤተሰቡ ዘንድ የሚከበረው አዛውንት ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ያለ እሱ ምስክርነት የልጆቹ መብት ሊጸና ስለማይችልም ነበር።

የሐረግ ዕውቀት ለጋብቻም አስፈላጊ ነው። በባህሉና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሠረት ተጋቢዎች እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ዝምድና እንደሌላቸው መረጋገጥ ስላለበት፣ ልጅቷ ከመታጨቷ አስቀድሞ የሁለቱ ወገን አዛውንቶች ተቀምጠው ዘር ይቆጥራሉ። ከዚህም ሌላ የቤተሰብ አባት በሽምግልና ይሠራል፤ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ የድንበር ክርክር ይዳኛል፣ ነፍስ ጠፍቶ ሁለት ወገን ደም ሲቃባም ከሌሎች ሽማግሌዎችና ከካህናት ጋር ሆኖ ገዳዩ ካሳ ከፍሎ የሟች ቤተሰብ በቀሉን የሚተውበትን ደም የማድረቅ እርቅ ይፈጽማል።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ባደረገ ጊዜ የርስት ቆጠራ ሕጋዊ ዋጋውን ቢያጣም፣ በጋብቻ፣ በሽምግልናና በለቅሶ ላይ ያለው ቦታ አልጠፋም፤ በመሆኑም ሽማግሌው የመሬት ምስክር መሆኑ ቢቀርም የቤተሰብ ታሪክ ምስክር ሆኖ ቀጥሏል።

አርበኝነት በአገው ምድር

የአዊ አባቶች የጦርነት ትዝታ ከዓድዋ ይጀምራል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት የዘመተ ሲሆን፣ ከአገው ምድር የሄዱ ፈረሰኞችም አብረው መሰለፋቸው በአካባቢው ከልጅ ልጅ እየተነገረ ቆይቷል። ኢጣሊያ ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሳ አገሪቱን ስትይዝ ጠላት በዳንግላና በእንጅባራ ምሽግ ሠርቶ ቢቀመጥም፣ ከምሽጉ ውጭ ያለው ገጠር በአርበኞች እጅ ነበር። በምዕራብ ጎጃም ከነበሩት የአርበኞች መሪዎች መካከል ስማቸው ገንኖ የሚነሣው ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ፉክክር የነበረ ቢሆንም በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም የገባው የእንግሊዙ ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ባደረገው ማግባባት በጠላት ላይ ለመተባበር ተስማምተዋል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ሲያቀኑ፣ ጌዴዎን ጦር የተባለውና ከ2,000 የማይበልጡ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮችን የያዘው በኦርድ ዊንጌት የሚመራው ኃይል በየካቲት ወር ወደ ደጋው ወጣ፤ ኢጣሊያኖችም ዳንግላን ለቀው ወደ ባሕር ዳር፣ እንጅባራን ለቀው ወደ ቡሬ አፈገፈጉ። ይህ ጥቂት ሠራዊት በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን ጠላት፣ አገሬው ስንቅ ባያቀብል፣ መንገድ ባይመራ፣ አርበኛውም ለአምስት ዓመት ጠላትን በምሽጉ አስጨንቆ ባይዝ ኖሮ ሊያስለቅቅ አይችልም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ዕለት እስከ ዛሬ የአርበኞች የድል ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይከበራል።

ከነጻነት በኋላ የዘመኑን ሰዎች ለመለየት አራት ስሞች ጸኑ፤ መሣሪያ ይዞ በዱር የተዋጋው አርበኛ፣ በጠላት ከተማ ተቀምጦ ወሬና ጥይት ያቀበለው የውስጥ አርበኛ፣ ወደ ውጭ አገር የሄደው ስደተኛ፣ ለጠላት ያደረው ደግሞ ባንዳ ተባለ። እነዚህ ስሞች ከባለቤቶቹ አልፈው ለልጆቻቸውም ክብር ወይም ነቀፋ ሆነው ስለተላለፉ፣ በገጠር ቤተሰብ ዘንድ የአባትን አርበኝነት በምስክርና በሜዳልያ ማስረዳት የቤተሰብ ስም ጉዳይ ነበር። ከዚያ በኋላ በኮሪያ በቃኘው ሻለቃ የዘመቱት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ወረራ የመከቱት፣ እንዲሁም በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተሰለፉት ወታደሮች በየመንደራቸው የአርበኛው አባት ወራሾች ሆነው ይታያሉ።

ለቅሶና ተዝካር

የእንዲህ ያለ አባት ሞት የመንደር ብቻ ሳይሆን የአገር ለቅሶ ነው፤ ሩቅ ላሉ ዘመዶች መርዶ ይላካል፣ በዕድር የተደራጀው ጎረቤት ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ እህልና ውኃ ያቀርባል፣ ካህናትም ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ። በለቅሶው ሜዳ አልቃሽ የሟችን ዘር፣ የዋለበትን ጦርነትና ያሳደጋቸውን ልጆች እያነሣች ሙሾ ስታወርድ፣ ወንዶች ደግሞ በፉከራና በቀረርቶ ጀግንነቱን ያነሣሉ፤ የሚጋልበው ፈረስ፣ ጠመንጃው፣ ካባውና ሜዳልያዎቹ ካሉም ለሕዝብ እንዲታዩ ይደረጋል። ስለዚህ ሙሾው ኀዘን የሚወጣበት ግጥም ብቻ ሳይሆን የሟች የሕይወት ታሪክ በሕዝብ ፊት የሚነበብበት መድረክ ነው፤ የተሳሳተ ነገር ቢነገር የሚያርሙ እኩዮቹ በዚያው ተቀምጠዋልና።

ከቀብር በኋላ መታሰቢያው በቤተ ክርስቲያን የቀን ቁጥር ይቀጥላል። በአርባኛው ቀን ጸሎትና ድግስ ይደረጋል፣ በዓመቱ ሙት ዓመት ይታሰባል፣ ዘመዱና ድኻው የሚበላበት ተዝካርም ለሟች ነፍስ ምሕረት ለመለመን ይወጣል። እነዚህ ቀኖች የተበተነውን ቤተሰብ መልሰው ስለሚሰበስቡ፣ ውርስና ዕዳ የሚጣራውም፣ የተጣላ ወንድም የሚታረቀውም፣ ትንንሾቹ የአባታቸውን ታሪክ ከታላላቆቻቸው የሚሰሙትም በዚሁ ጊዜ ነው።

የፈረሰኞች ማኅበር

የአዊን መታሰቢያ ከሌላው አካባቢ የሚለየው በፈረሰኞች ማኅበር አማካይነት ተቋማዊ መልክ መያዙ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የምሥረታ ዘመኑን ከ1932 ዓ.ም. የሚቆጥር ሲሆን፣ ዓላማውም በዓድዋና በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተሠዉ አባቶችን፣ አብረዋቸው የወደቁትን ፈረሶች ጭምር፣ ማሰብ ነው፤ የአባላቱ ቁጥርም ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ መድረሱ ይነገራል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው በዓል ላይ ከሰባቱ ቤቶች የመጡ ፈረሰኞች ግላስ በለበሱ ፈረሶች ተቀምጠው ይሰለፋሉ፣ ይጋልባሉ፣ በጉግስም የአባቶቻቸውን የውጊያ ስልት በጨዋታ መልክ ያሳያሉ፤ በ2016 ዓ.ም. የተከበረውም 84ኛው ነበር። ማኅበሩ ከበዓሉ ሌላ በአባላቱ ሰርግና ለቅሶ ላይ ስለሚገኝና በሽምግልና ጠብ ስለሚያበርድ፣ የቤተሰብ አባት ለብቻው ይሠራው የነበረውን ተግባር በከፊል ተረክቧል ማለት ይቻላል።

የመታሰቢያው የዛሬ ይዞታ

በ1933 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ አርበኛ በ2017 ዓ.ም. 99 ዓመት ስለሚሞላው፣ ያ ትውልድ ፈጽሞ ለማለፍ ተቃርቧል፤ አሁን ታሪኩን የሚያውቁት ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙት፣ ራሳቸውም በዕድሜ የገፉት ልጆቹ ናቸው። የታላላቆቹ የጦር መሪዎች ስም በመጽሐፍ ሲቆይ፣ ስንቅ ያቀበለው፣ መንገድ የመራውና በየጫካው የተዋጋው ገበሬ ግን የተመዘገበው በሙሾና በቤተሰብ ወሬ ብቻ በመሆኑ፣ ተናጋሪው ባለፈ ቁጥር አብሮት ያልፋል። ስለዚህ በአዊ ያሉ ቤተሰቦች የአባቶቻቸውን የሐረግ ቆጠራ፣ ሜዳልያና ፎቶግራፍ እየለዩ እንዲይዙ፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ፣ የባህልና የትምህርት ተቋማትና የፈረሰኞች ማኅበሩም የአዛውንቶቹን ቃል በአውኚና በአማርኛ ቀርጸው እንዲያስቀምጡ ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ መሠራት ያለበትም የሚጠየቁት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ነው።