ጀልባ ሳትበሱ ፊሽ ፋይንደር እንዴት ትገጥማላችሁ? ከዝዋይ እስከ ጣና የሚያገለግል ማብራሪያ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ሐይቅ የለም። ግን ከሰፈራችን ቅዳሜና እሁድ ወደ ዝዋይና ላንጋኖ የሚወርድ፣ ወይም ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያሰግር ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። ውጭ ያለ ወንድም ፊሽ ፋይንደር ሲልክ ደግሞ በውስጥ መስመር የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ነው፦ ጀልባዋ መበሳት አለባት ወይ?

መልሱን አስቀድመን እንናገር፦ የለባትም። ሐይቆቻችን ጥልቅ ስላልሆኑ ሳይበሳ የሚገጠም መሣሪያ በደንብ ይሠራል። ወሳኙ ነገር ጀልባዋ ከምን እንደተሠራች ማወቅ ነው።

📌 መብሳት ለምን ይከፋል?

ፊሽ ፋይንደር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የምናየው ስክሪን ነው። ሌላው ትራንስዱሰር የሚባለው፣ ድምፅ ወደ ውሃ የሚልክና የሚመለሰውን የሚሰማ ትንሽ ቁራጭ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስዱሰሩን በጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ በብሎን ምቱት ይላል።

ችግሩ ብሎኑ የሚገባው ከውሃው መስመር አጠገብ ወይም በታች መሆኑ ነው። እንጨት ከሆነ ውሃ በብሎኑ ዙሪያ ይሰርግና ውስጥ ውስጡን ያበሰብሰዋል። ፋይበር ግላስም ቢሆን የኋላ ግድግዳው ብዙ ጊዜ በመሀሉ እንጨት ወይም ፎም አለበት፤ ውሃ አንዴ ከገባ አይወጣም። ሞተሩ የሚንጠለጠለው ደግሞ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ጀልባዋ የማኅበር፣ የኪራይ ወይም የቤተሰብ ከሆነች ደግሞ መጀመሪያውኑ የመብሳት መብት የላችሁም።

📌 አየር፦ ወዳጅም ጠላትም

ድምፅ በጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,480 ሜትር ይጓዛል። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ድምፁ ወርዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ አንድ መቶኛ ብዙም አይበልጥም። መሣሪያው ይህን ጊዜ ለክቶ ጥልቀቱን ያሰላል።

ድምፁ አየር ሲያገኝ ግን ተመልሶ ይነጥራል። ብዙ ዓሣዎች በሆዳቸው የአየር ከረጢት አላቸው፤ ስክሪኑ ላይ ደምቀው የሚታዩትም በዋናነት በእሱ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በትራንስዱሰሩና በውሃው መካከል ትንሽ አረፋ ከቀረ መሣሪያው ይታወራል። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህች ነገር ላይ ነው፦ አየር እንዳይገባ።

📌 የሐይቆቻችን ጥልቀት

▪️ ዝዋይ (ደምበል)፦ ትልቁ ጥልቀቱ ወደ 9 ሜትር
▪️ ጣና፦ ወደ 14 ሜትር
▪️ ሐዋሳ፦ ወደ 22 ሜትር
▪️ ላንጋኖ፦ ወደ 47 ሜትር

ሻላ ብቻ ከ260 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የዓሣ ገበያችን የሚመገበው ግን ከሱ አይደለም። በ200 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ መደበኛ ፊሽ ፋይንደር ከ100 ሜትር በላይ ማንበብ ይችላል። ጀልባውን አልፎ ሲሄድ የድምፁ ግማሽ ቢባክን እንኳ ለዝዋይም ለጣናም ይተርፋል። ውቅያኖስ ላይ የሚሠራ ሰው ስለ መብሳት ቢጨነቅ አይፈረድበትም፤ የኛ ሰው ግን የሚጨነቅበት ምክንያት የለም።

📌 ጀልባችሁ ከምንድን ነው የተሠራችው?

👉 ድፍን ፋይበር ግላስ፦ ድምፅ ያሳልፋል። ትራንስዱሰሩን ከውስጥ ወለሉ ላይ መለጠፍ ይቻላል።
👉 መሀሉ ፎም ወይም እንጨት ያለበት ፋይበር፦ አያሳልፍም። ውስጡ አየር ነው።
👉 እንጨትና ኮምፔንሳቶ፦ አያሳልፍም።
👉 ብረትና አሉሚኒየም፦ አንዳንዴ ያሳልፋል፣ ብዙ ጊዜ አያስተማምንም።
👉 ታንኳ፦ ደንገል የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስላለው ነው። በደንገል ውስጥ ድምፅ አልፎ አይሄድም።

ፋይበር ላልሆነችው ጀልባ ሁሉ መፍትሔው በጎን የሚወርድ ዘንግ ነው።

📌 ዘዴ 1፦ ከውስጥ መለጠፍ (ለድፍን ፋይበር ግላስ)

ከመለጠፋችሁ በፊት ፈትኑ። መጀመሪያ ጀልባዋ ቆማ ትራንስዱሰሩን በጎን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጥልቀቱን አንብቡ። ቀጥሎ በቀጭን ፌስታል ውሃ ሙሉና ከትራንስዱሰሩ ጋር እሰሩት፤ አየር አይቅርበት። የጀልባዋን ወለል ከውስጥ አርጥባችሁ ፌስታሉን እዚያ ላይ አስቀምጡት። ንባቡ ከመጀመሪያው ጋር ከተቀራረበ ቦታው ይሆናል፤ ካልሆነ ሌላ ቦታ ሞክሩ። ከኋላ ወደ መሀል ጠጋ ያለ፣ ጀልባዋ ስትሮጥም ከውሃ የማይወጣ፣ ከፕሮፔለሩ ራቅ ያለ ቦታ ይመረጣል።

ቦታው ከተገኘ፦

1. ቀለሙንና ቆሻሻውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አንሱ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ።
2. ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ አዘጋጁ። በኃይል አታማስሉት፤ አረፋ ይይዛል።
3. ወለሉ ላይ አፍስሱና ትራንስዱሰሩን በአንድ ጎኑ አስነክታችሁ ቀስ እያላችሁ አጋድሙት፤ እያዟዟራችሁ ተጫኑት። አረፋው በጎን ይወጣል።
4. ከባድ ነገር ደግፋችሁ 24 ሰዓት አትንኩት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በክፍለ ከተማችን የመኪና ባምፐር በፋይበር የሚጠግን ጋራዥ ማግኘት አይከብድም፤ ባለሙያዎቹም ስለ አረፋ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ነገር ግን ለባምፐር የሚጠቀሙበት ሬዚን በወፍራሙ ሲፈስ በጣም ይግላል፤ ትራንስዱሰሩን ሊጎዳው ይችላል። ኢፖክሲ ይሁን በሏቸው።

ጀልባዋ የናንተ ካልሆነች ደግሞ የማይጣበቅ መንገድ አለ። ሰፋ ካለ የፒቪሲ ቧንቧ አጭር ቁራጭ ውሰዱ፤ ታችኛውን አፉን በወለሉ ቅርፅ ቁረጡትና ዙሪያውን በሲሊኮን ለጥፉት። ሲደርቅ ቤቢ ኦይል ሙሉበትና ትራንስዱሰሩን ፊቱ ወደ ታች እንዲሆን አድርጋችሁ ዘይቱ ውስጥ ንከሩት። ሥራ ሲያልቅ አውጥታችሁ ወደ ቤት ትወስዱታላችሁ።

📌 ዘዴ 2፦ ዘንግና ሞርሳ (ለእንጨት፣ ለብረት፣ ለታንኳ)

ከሁሉም ርካሹ ይሄ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ወይም ቀጭን የብረት ቱቦ ይዘጋጃል፤ ትራንስዱሰሩ ጫፉ ላይ በፋሸታ ይታሰራል። ዘንጉ በሞርሳ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ይነከሳል። ታንኳ ላይ ሞርሳ የሚነክሰው ነገር ስለሌለ አንድ አግዳሚ እንጨት በገመድ ታስሮ ዘንጉ እሱ ላይ ይያዛል።

ትራንስዱሰሩ ከውሃው ወለል ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል፣ ፊቱም ትክክል ወደ ታች ይይ። ዘመም ካለ ጥልቀቱን አሳስቶ ያነባል። ሞተር ያለው ሰው ሲሮጥ ዘንጉን ያንሳው፤ አለበለዚያ ውሃው ይሰብረዋል። በተጨማሪ ዘንጉን በሲባጎ ከጀልባዋ ጋር እሰሩት፤ ሞርሳው ቢለቅ ዕቃው ሐይቅ ውስጥ አይቀርም።

በመቅዘፊያ ለሚሄድ ይህ ዘዴ ምንም እንከን የለውም። ፍጥነት ስለሌለ አረፋም የለም።

📌 ዘዴ 3፦ የተለጠፈ ሰሌዳ

ትራንስዱሰሩ የግድ የኋላ ግድግዳው ላይ ይሁን ካላችሁ፣ ወፍራም የፒቪሲ ሰሌዳ በኢፖክሲ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ብሎኑ ሰሌዳው ላይ ብቻ ይመታል። ብሎኑ ከሰሌዳው ውፍረት ማጠር አለበት። የሽንኩርት መክተፊያ ፕላስቲክ እንዳትጠቀሙ፤ እሱ ማጣበቂያ አይዝም፣ በቃ ይላጣል።

📌 ምን ታጣላችሁ?

ከውስጥ ስትለጥፉ የውሃው ሙቀት በትክክል አይነበብም፤ መሣሪያው የሚለካው የጀልባዋን ወለል ነው። ወደ ጎን የሚያይ ወይም የታችኛውን ገጽታ እንደ ፎቶ የሚያሳይ ዓይነት ከሆነም በፋይበር ውስጥ አይሠራም፤ እሱን በዘንግ አውርዱት።

ጥቅምም አለው። እምቦጭ ባለበት፣ ለምሳሌ በጣና ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ውጭ የተንጠለጠለ ትራንስዱሰር አረም ሲሰበስብ ይውላል። ውስጥ የተለጠፈውን ማንም አይነካውም።

📌 ባትሪና ገመድ

ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ዓይነት 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ለአነስተኛ ስክሪን የቀን ሥራ ይበቃል። ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ፊውዝ አይቅር። የትራንስዱሰሩን ገመድ ረዘመ ብላችሁ አትቁረጡ፤ ጠቅልላችሁ እሰሩት። ገመዱ በጠርዙ ላይ አልፎ ስለሚመጣ ለሱም ቀዳዳ አያስፈልግም።

📌 የመጨረሻው ነገር

ስክሪኑ ዓሣ አይፈጥርም። ያለውን ነው የሚያሳየው። አምባዛ ታች ጭቃው ላይ ሲተኛ ከወለሉ መስመር ጋር ስለሚቀላቀል ስክሪኑ ባዶ ነው ማለት ሐይቁ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ዓሣ ተሰብስቦ ስላያችሁ ብቻ መረብ አይጣልም። በጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የቢልጫ ዝርያዎች በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ወደ ላይ የሚወጡት ለመራባት ነው። እዚያ ላይ ፊሽ ፋይንደር ይዞ መረብ መዘርጋት የነገውን ዓሣ ከነዘሩ ማንሳት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህ ሀብት እንዳያልቅ ነው፤ ክልሎችም የራሳቸው ደንብ አላቸው። መሣሪያውን ከመግጠማችሁ በፊት በአካባቢያችሁ የትኛው ቦታ በየትኛው ወር እንደሚከለከል ከማኅበራችሁ ወይም ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ።

ዓሣ ላይ ባንሠማራ እንኳ ጥልቀት የሚያሳይ መሣሪያ ለሌላም ይጠቅማል፤ ውሃው የሸሸበትን ቦታና ከሥር ያለውን ድንጋይ ቀድሞ ያሳያል። ሕይወት ጃኬትን ግን አይተካም። እሱን መጀመሪያ ልበሱ።

ሐይቅ ዳር ላለ ዘመድ ወዳጃችሁ አጋሩት፤ ትራፓኖውን ከማንሳቱ በፊት ይድረሰው።