ክፍል ሌላ፣ ቅጂ ሌላ፦ ከአንኮበር ብራና እስከ ሆስፒታል ሰርቨር

የአንኮበር ገበሬ እህሉን ወቅቶ ሲያስገባ ይሄ ለቀለብ፣ ይሄ ለገበያ፣ ይሄ ለዘር ብሎ ይለያል። እኛ ሐኪሞችም የሕሙማንን መረጃ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ስንጀምር የገጠመን ጥያቄ ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ ያለን ቦታ እንዴት ይከፈል?

ታሪኩ ቆየት ያለ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ያወጣው ራማክ 50 ዲስኮች ነበሩት፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ከአንድ ውድ ዲስክ ይልቅ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን ማጣመር እንደሚሻል የሚያሳይ ጽሑፍ አቀረቡ፤ ሬድ የሚለው ስምም ከዚያ መጣ። ዛሬ በትልልቅ የመረጃ ማከማቻዎች ዲስኮቹ ይጣመሩና ድምሩ በሶፍትዌር ይከፋፈላል። ክፍሉ ሎጂካል ቮልዩም ይባላል። ሰርቨሩም ክፍሉን ራሱን እንደቻለ ዲስክ ያየዋል።

በቁጥር እንየው። እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሆኑ 6 ዲስኮች ድምራቸው 24 ነው። በሬድ 6 ከተጣመሩ የሁለቱ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ ስሌት ይሄድና 16 ይቀራል፤ ሁለት ዲስክ ቢበላሽም መረጃው አይጠፋም። ከ16ቱ 10 ለራጅና ለሲቲ ምስል፣ 4 ለሕሙማን ካርድ ብንመድብና 2 ብናስተርፍ፣ ምስሉ ቦታውን ቢሞላም የካርዱ ሥራ አይቆምም። የመክፈል ጥቅሙ ይሄ ነው።

ግን እንዳንሳሳት፤ መክፈል መጠበቅ አይደለም። ሁሉም ክፍል ያለው እዚያው ዲስኮች ላይ ነው። ክፍሉ ቢቃጠል፣ ጎርፍ ቢገባ ወይም ሦስተኛ ዲስክ ቢሞት ምስሉም ካርዱም አብረው ይሄዳሉ።

ይህን በሚገባ የተረዱ ሰዎች አገራችን ውስጥ ቀድመው ሠርተውበታል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ የአንኮበርን አብያተ ክርስቲያናት ጨምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አነሣ። አንዱ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ብራናው እዚሁ ቢጎዳ ቃሉ ሌላ ቦታ አለ።

ስለዚህ የዚህ መጽሔት አንባቢ ሆናችሁ ሆስፒታል ወይም ኮሌጅ የምትመሩ ሁሉ፣ የማከማቻ ግዢ ሰነድ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ «ስንት ቴራባይት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትፈርሙ። «ሁለተኛው ቅጂ የት ከተማ ይቀመጣል? መመለሱን ማን ሞክሮ ያያል?» በሉ። ታካሚው ታሪኩን አምኖ የሰጠው ለእኛ ነው፤ ለዲስኩ አይደለም።